ሳይክል ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ሰውየውን እዩ!

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ ሳይክል ቤት የት ነው ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ? ክትፎ ቤት ወይ ፀጉር ቤት ቢሆን አሥር ትቆጥሩልኝ ነበር። ሳይክል ሲባል ግን ሁሉም ሰው «መርካቶ» ይልና ዝም ነው። መርካቶ እኮ አገር ነው! የቱ መርካቶ?

ጥያቄዬ የቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት ጎዳናዎች ዳር የሳይክል መስመር ስለተሰመረ፣ መኪና ፈርቶ የተወው ሁሉ አሁን ሳይክል አምሮታል። ከተማችን ደግሞ ሜዳ አይደለችም። መሐሉ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል፣ እንጦጦ አናቱ ከ3,000 በላይ ነው። ከእንጦጦ ተነስቶ በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርድ ልጅ ነፍሱ የተንጠለጠለችው በሁለት ቀጫጭን የፍሬን ሽቦዎች ላይ ነው። ሽቦዎቹን ያሰራቸው ማነው? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ያላችሁ ታድላችኋል፣ ሜዳ ላይ ትንሸራሸራላችሁ።

እኔ ሳይክል ቤት መዞር አመሌ ነው። ጓደኞቼ ጫማ ሲያዩ እኔ ጎማ አያለሁ።

አንድ ቀን መስታወቱ የሚያብረቀርቅ፣ ሙዚቃው የሚንጫጫ ቤት ገባሁ (ስሙ ይቆይልኝ)። ሻጩ ገና ሲያየኝ «ለወንድምሽ ነው እህቴ?» አለኝ። «ለራሴ» ስለው ቅርጫት ያላት ሮዝ ሳይክል ጎትቶ አመጣ። ቁመቴን አልለካ፣ ዳገት ልውጣ ሜዳ ልንዳ አልጠየቀ… ቀለም ብቻ! ኮርቻውን ዝቅ አድርግልኝ ብለው «ቁልፍ የለንም» አለኝ። ሳይክል ቤት ሆኖ ቁልፍ የሌለው! ዳቦ ቤት ገብታችሁ ዱቄት አናውቅም ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ? የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስቼ ባዞረው ቸርኬው እንደ ሰካራም ይወላገዳል። አዲስ ነው እኮ! አዲስ ሳይክል ግማሹ ተፈታቶ በካርቶን ነው የሚመጣው፤ አዲስ ነው ማለት በትክክል ተገጥሟል ማለት አይደለም። የጎማው ሽቦዎች እኩል ካልተወጠሩ ቸርኬው ይወላገዳል፣ ፍሬኑም አንዱን ጎን ብቻ ይነካል።

ስለዚህ ወደ መርካቶ። ምን አለሽ ተራ ውስጥ ከቆርቆሮና ከሞተር እጢ መካከል የሳይክል ዕቃ ይለቀማል፤ ጥሩ ጠጋኝ ግን እየጠየቁ ነው የሚገኘው። ማንን? በሳይክል ዕቃ የሚያደርሱትን ልጆች! ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ሰው መጥፎ ጠጋኝ ጋር ሁለቴ አይሄድም። እኔንም አንዱ ልጅ ነው ወደ አንድ አዛውንት የመራኝ። ሱቃቸው ሱቅ አይባልም፣ ሸራ ነው። ከፊታቸው ካቻቪቴ፣ ማስቲሽ፣ የተበጣጠሰ ከመነዳሪ። ቋንቋው ራሱ ይጥማል፤ ፍሬን፣ ካቴና፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ… ሁሉም ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ጣልያን ሄደ፣ ካቴናው ቀረ!

«ጋሼ፣ ካቴናው ይቀየርልኝ» አልኳቸው።

«ቆይ ልጄ» አሉና ከፊተኛው ትልቁ ጥርስ ላይ ካቴናውን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ፊት ሳቡት። ብዙም አልተነሳም። «ከሥሩ ጥርሱ እስከ ግማሽ ቢታይ አልቋል እልሽ ነበር። ገና ነው፣ ዘይት ቀቢው። በጣም እስኪበላ ጠብቀሽ ደግሞ እሱን ብቻ ብትቀይሪ አዲሱ ከኋላው ያረጀ ጥርስ ጋር አይስማማም፣ ይዘልብሻል።»

ከዚያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? እኔ ምንም ያላልኩትን የፊት ፍሬን ያዙና ሳይክሉን ወደፊት ወደኋላ ነቀነቁት። ከመሪው ሥር ቀጭ ቀጭ ይላል። ዳዶውን አጥብቀው፣ ማለቁ የተቃረበውን የፍሬን ላስቲክ አሳይተው፣ ለዚያ ብቻ አስከፈሉኝ። ገንዘቤን ሊመልሱልኝ የሚከራከሩ ነጋዴ መርካቶ ውስጥ አየሁ ብል ማን ያምነኛል?

ሽማግሌዎቹ ጋር ስትቀመጡ ወሬውም አለ። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ በሳይክል አገራችንን ወክለዋል። ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ሩጫ ብቻ ነው የምናውቀው ለሚሉ ንገሩልኝ።

የማትጠብቁት ቦታ ልጠቁማችሁ? ለሕፃናት በደቂቃ ሳይክል የሚያከራየው የሰፈራችሁ ጎረምሳ! ሳይክሎቹ በየቀኑ እየወደቁ ይሰበሩበታል፣ በየማታው ይጠግናቸዋል። ለተነፈሰ ጎማና ለላላ ፍሬን ከእሱ በላይ እጁ የፈታ የለም። ውስብስብ ነገር ግን አትስጡት፤ በተለይ በዘይት የሚሠራ ፍሬን ከሆነ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሳይክሉን ገልብጡት። የፔዳሉ ዘንግ ከሚያልፍበት ሥር ብዙውን ጊዜ ቁጥር ተመትቶበታል። ቁጥሩ በሞረድ ከተፋቀ እግሬ አውጪኝ በሉ! ዋጋው ቢረክስም የአንድ ሰው ልጅ ሲያለቅስበት ያደረ ሳይክል ሊሆን ይችላል፣ ፖሊስም ሲይዘው ከእናንተ እጅ ነው የሚይዘው። ቁጥሩ ካለ ደግሞ የሻጩን መታወቂያ አይታችሁ በወረቀት ተፈራረሙ። ሳይክል ጥገና ስትወስዱ «የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ጠጋኝ ካጋጠማችሁ አትቆጡት። ስልኩን ያዙ።

የጎማውን ቁጥርም ከጎኑ ላይ አንብቡ፤ 26 ወይ 27.5 ወይ 29 ይላል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት «የዚህ ከመነዳሪ አለህ?» በሉትና አውጥቶ ያሳያችሁ። «ይመጣል» ካለ እናንተም «እንመጣለን» ብላችሁ ውጡ። ለሙከራ የማያስነዳችሁም ያው ነው።

እኔ ቅዳሜ ጠዋት ምን አለሽ ተራ ነኝ፤ ለፔዳሌ ኩሽኔታ እፈልጋለሁ። ሮዝ ሳይክል ይዛችሁ ካየኋችሁ ግን እስቃለሁ፣ ቅር እንዳይላችሁ!