አጥራችንን የሚጥለው ብርድ አይደለም

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ አጥር ሲወድቅ ወይ በብርዱ ይሳበባል፣ ወይ በግንበኛው። ግንበኛው አንዳንዴ ይገባዋል። ብርዱ ግን በሐሰት የተከሰሰ ይመስለኛል። እንደ ካናዳ ባለ አገር ቅዝቃዜው ወራት ሙሉ ስለማይለቅ እያደር ወደ ታች ይዘልቃል፤ አፈር ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሲሆን ከመቶ 9 እጅ ያህል ያብጣል፣ የአጥሩንም ቋሚ ይዞት ይነሣል። እዚያ ለአንድ ቋሚ ከአንድ ሜትር በላይ የሚቆፈረው ለዚህ ነው። ዩቲዩብ ላይ «ለብርድ አገር ጉድጓዱን አጥልቁ» የሚለው ምክርም የመጣው ከዚያ ነው። እኛ ዘንድ የመንዟ መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጩ ባቄላ ይመታል። ግን ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል። ላዩን እንጂ የቋሚው እግር ድረስ አይወርድም። የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማማ ከመንዝ ዝቅ ስለምትል ያን ያህል እንኳ አትበርድም።

የአጥሩ ጠላት ቀን ቆጥሮ የሚመጣው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው። ተዳፋትን አቋርጦ የቆመ አጥር፣ ባለቤቱ ለሌባና ለከብት ቢያስበውም፣ ለውኃው ግድብ ነው። ከኋላው አንድ ሜትር ውኃ ቢታቆር በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ ግማሽ ቶን ያህል ይገፋል። ውኃው ሁለት ሜትር ቢደርስ ግፊቱ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ብሎኬት ደግሞ ከላይ ቢጭኑበት ይችላል እንጂ ከጎን ሲገፉት አቅም የለውም። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ፤ ዋልካ ክረምት ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ግንቡም አብሮት በየዓመቱ ይነሣል፣ ይቀመጣል። በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ ደረጃ እየሠራ ወደ ላይ የሚወጣውን ስንጥቅ ያላየ የለም። ብርድ ሰነጠቀው የምንለው እሱን ነው።

ስለዚህ ተዳፋት ላይ ቦታና ድንጋይ ላለው ሰው ካብን የሚያህል አጥር የለም እላለሁ። ምክንያቱ ናፍቆት አይደለም። ካብ ውኃውን አይገድብም፤ በየቀዳዳው ያሳልፈዋል፣ ጉልበቱን ይሰብረዋል፣ ደለሉን ከላይ በኩል ያስቀረዋል። መሬቱ ሲነሣና ሲቀመጥ ድንጋዮቹ ትንሽ ይላወሳሉ እንጂ የሚሰነጠቅ ነገር የለም። ግን ካብ ማለት ድንጋይ መከመር አይደለም። ሁለት ገጽ ሆኖ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል፤ ከሥር 80 ሳንቲ ሜትር የጀመረው ከላይ 40 ላይ ሊያልቅ ይችላል። ሆዱ በጠጠር ይጠቀጠቃል፤ በአፈር ከተሞላ አፈሩ ታጥቦ ይወጣና ሁለቱ ገጾች ይለያያሉ። በየመሐሉ ከፊት እስከ ኋላ የሚደርስ ረጅም ድንጋይ ገብቶ ገጾቹን ያስራል። ዳገት ላይ ደግሞ ሥራው ከታችኛው ጫፍ ይጀመራል፤ መሬቱ በደረጃ ተቆርጦ እያንዳንዱ መደዳ በውኃ ልክ ይተኛል። ዳገቱን ተከትሎ ያዘነበለ መደዳ ውሎ አድሮ ቁልቁል ይንሸራተታል። ይህን ሥራ ኋላ ቀርነት ለሚሉት፣ ዩኔስኮ የኮንሶን እርከንና በካብ የታጠሩ መንደሮች እ.ኤ.አ. በ2011፣ ስዊዘርላንድንና ጣሊያንን ጨምሮ የ8 የአውሮፓ አገሮችን ያለ ሲሚንቶ የመካብ ጥበብ ደግሞ በ2018 መዝግቧል።

ካብን የሚነቅፉ ሰዎች ከሚያነሡት ውስጥ እውነት አለ። አይጥና እባብ ይወዱታል፤ አልክድም። ሌባ በቀላሉ ይወጣበታል፤ ለዚህ አናቱ ላይ እሾህ ማልበስ የቆየ መላ ነው። ከሁሉ የሚከብደው የቦታው ነገር ነው። 15 ሜትር በሆነ ጎን ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 12 ካሬ ይበላል፤ ይህ ለከተማ ቦታ አንድ ክፍል ነው። ዓለም ከተማ መሐል ያለ ሰው ብሎኬት ቢመርጥ አልፈርድበትም። የማልቀበለው «ካቡንማ እንካብ፣ ግን በሲሚንቶ እንለስነው» የሚለውን ነው። ካቡን ያቆመው ቀዳዳው ነበር፤ ሲለሰን የካብ ውፍረትና የብሎኬት ድካም ያለበት ግንብ ይሆናል። ገንዘብም ድንጋይም ያባክናል።

የቆርቆሮ አጥር ደግሞ ውኃ አይገድብም፤ እሱን የሚያስቸግረው ነፋስ ነው። ዳገት ላይ በደረጃ ሲመታ ከእያንዳንዱ ቆርቆሮ ሥር ሦስት ማዕዘን ክፍተት ይቀራል፤ ውሻ ይገባበታል፣ ጅብም አይቸግረውም። ብዙ ሰው ክፍተቱን በአፈር ይደፍነዋል። አፈሩ እርጥበት ይዞ ቆርቆሮውን ያዝገዋል፣ የባሕር ዛፉን አጠና ከመሬቱ አፍ ላይ ያበሰብሰዋል፤ አጠና የሚሰበረው ሁልጊዜ እዚያችው ላይ ነው። በአፈሩ ፋንታ ድንጋይ ደርድሩበት፤ ውኃው ይለፍ።

ዘንድሮ ብሎኬት የምታስገነቡ ደግሞ ግንበኛችሁን አንድ ነገር እዘዙት። ከመሬት ከፍ ብሎ በየሁለት ሜትሩ የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ያሳልፍ፤ ቱቦው በጭቃ እንዳይደፈን ከኋላ በኩል ጠጠር ይሙላ። ከኪሳችሁ የሚወጣው ከወደቀ አጥር ዋጋ አንጻር ምንም አይደለም። «ቀዳዳ አጥር ያበላሻል» ካላችሁ ግንበኛው ቅር እንዳያሰኛችሁ ብሎ ይደፍንላችኋል፤ እንዳትሉት። በቱቦው የሚወጣው ውኃ ግን የሰው ጓሮ ውስጥ ነው የሚወርደው። ስለዚህ መሠረቱ ሳይቆፈር፣ ግንቦትም ሳያልቅ፣ ከታች ካለው ጎረቤታችሁ ጋር ቦዩ በየት እንደሚያልፍ ቁማችሁ ተነጋገሩ።