ያው ስድሳ ዲናር

ይህን የምጽፈው አማን ውስጥ በዕዳ ተይዘው እንቅልፍ ላጡ ወገኖቼ ነው። የሆነውን ከመጀመሪያው አንስቼ እናገራለሁ፤ የሚጠቅም ነገር ያገኘበት ይያዘው።

በጥር 2011 ዓ.ም. ታናሽ እህቴ ታመመች። የሐሞት ጠጠር ነው ተባለ። አሠሪዎቿ ሕክምናውን አንከፍልም አሉ፤ ሆስፒታሉም መያዣ ሳይቀበል ቀዶ ሕክምና አይጀምርም። እኔ በተመላላሽነት ቤት አጸዳ ነበር። በወር የማገኘው 250 ዲናር ቢሆን ነው፤ የቤት ኪራይም ከዚያው ይወጣል። ያጠራቀምኩትን ሁሉ አውጥቼ 600 ዲናር ጎደለኝ። ባንክ የሚያበድረው ደመወዙ በባንክ ለሚገባለት ሰው ነው፤ የእኔ የሚከፈለኝ በእጅ ነው። ስለዚህ ዕቃ በዱቤ ከሚሸጥ አንድ ባለሱቅ ተበደርኩ። እህቴ ታከመች፤ ዳነች። እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለሱቁ ኮምቢያላ አስፈረመኝ። ይህን ያህል ገንዘብ በዚህ ቀን እከፍላለሁ የሚል ወረቀት ነው፤ የያዘው ሰው ክስ መክፈት ሳያስፈልገው በቀጥታ ወደ ፍርድ አፈጻጸም ሊወስደው ይችላል። በእኔ ላይ የተጻፈው 1,000 ዲናር ነው። ወለድ የሚል ቃል የለበትም። በቃል የተስማማነው ግን በየወሩ 60 ዲናር እንድሰጠውና 600ውን ባንድ ጊዜ ያመጣሁ ቀን ወረቀቱን እንዲመልስልኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ የዮርዳኖስ ሕግ ባለዕዳን በአንድ ዕዳ በዓመት እስከ 90 ቀን ያሳስር ነበር። በትንሽ ብድር የታሰሩና የሚፈለጉ ሴቶች ብዙ ስለነበሩ በመጋቢት 2011 ንጉሥ አብዱላህ ራሳቸው የሴቶቹ ዕዳ የሚከፈልበት የእርዳታ ዘመቻ አስጀምረዋል። ሕጉ የተሻሻለው ኋላ በ2014 ዓ.ም. ነው፤ ከ5,000 ዲናር በታች ለሆነ ዕዳ እስራት ቀረ፣ የኪራይና የሥራ ውል ዕዳ ግን ከዚህ ውጭ ነው። እኔ ግን ያኔ ያንን ወረቀት ፈርቼው ነበር፤ ሌሊት የሚያነቃኝ እሱ ነው።

ስድሳዋን አንድም ወር አላሳለፍኩም። ዓመቱ ሲያልቅ የሰጠሁት ወለድ ከ400 ዲናር አልፏል፤ ዋናው ዕዳ ግን ያው 600 ነው።

በጥቅምት 2012 አንድ አርብ፣ የዕረፍታችን ቀን፣ አሽረፊዬ በሚባለው የአማን ሰፈር፣ እትዬ የምንላቸው እናት ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን ነበር። ብዙ ዓመት አማን የኖሩ፣ አረብኛውን እንደ አገሩ ሰው የሚናገሩ ሴት ናቸው። አዲስ ዕቁብ ሊጀመር ነው፤ አሥር ሰው፣ በወር 60 ዲናር። እኔ አልችልም አልኩ። ለምን ሲሉኝ ነገርኳቸው።

እትዬ የሐዋላ ደረሰኝ ገለበጡና እስክሪብቶ አነሱ። ለባለሱቁ የሰጠሁትን 60፣ 60 እያሉ ወደ ታች ደረደሩ፤ ከሥሩ አስምረው 600 ጻፉ። ከጎኑ ደግሞ አሥር ጊዜ 60 ጽፈው ከሥሩ ዜሮ አደረጉ። «ልጄ፣ ያው ስድሳ ዲናር ነው» አሉኝ። «እዚያ ስትሰጪው ዕዳሽ ቁጭ ይላል። እዚህ ስትሰጪው ያልቃል።»

ያንን ደረሰኝ ይዤ ብዙ ቆየሁ። ገንዘብ የሚያስፈልገኝ ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ ያለኝ ገንዘብ የሚሄድበትን ቦታ መቀየር እንደሚበቃ ማንም አሳይቶኝ አያውቅም።

ግን የመጀመሪያው ዕጣ ለእኔ መሰጠት ነበረበት። አንዷ፣ «በልታ ብትሄድስ?» ብላ ጠየቀች። አልተቀየምኳትም፤ ዕቁብ በመጀመሪያው በላተኛ ይፈርሳል፣ ጥያቄዋ የሁሉም ነበር። ዋስ ተባለ። የጎንደሯ ጓደኛችን፣ «እኔ ዋስ ነኝ፤ የመጨረሻውንም ዕጣ ለእኔ አድርጉት» አለች። ዝም ተባለ። ከዚያ እትዬ መረቁ፤ አሜን አልን።

አሜሪካ ያለች ዘመዴ ኋላ ስነግራት፣ እዚያ በክሬዲት ካርድ እንዲሁ ይደረጋል አለችኝ። የአንዱን ካርድ ዕዳ ሌላ ባንክ ይከፍልና ወደ ራሱ ካርድ ያዛውረዋል፤ ከዓመት እስከ ዓመት ከመንፈቅ ወይም ትንሽ በላይ ወለድ አይቆጥርም፣ ለማዛወሪያው ከመቶ 3 እስከ 5 ይወስዳል። ጊዜው ሳያልቅ ካልተከፈለ በቀሪው ላይ ወለዱ ይመለሳል። ባዶ የሆነው አሮጌ ካርድ እንደገና ከተመዘዘ ደግሞ ዕዳው ሁለት ይሆናል። እኔም የማዛወሪያ ወጪ ነበረብኝ፤ ዕቁቡ በተጀመረበት ወር የባለሱቁንም የዕቁቡንም ስድሳ መክፈል ስላለብኝ ሌላ የማጸዳው ቤት ጨመርኩ።

ዕጣው ሲደርሰኝ ወደ ሱቁ ብቻዬን እንዳልሄድ እትዬ አብረውኝ መጡ። 30 የሃያ ዲናር ኖቶች በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል። ባለሱቁ፣ «ገንዘቡን ስጡኝ፣ ወረቀቱን እኔው እቀደዋለሁ» አለ። እትዬ መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ አኑረው እጃቸውን ጫኑበትና፣ ወረቀቱ ይምጣ አሉ። ከመሳቢያ አወጣው። ፊርማዬንና የጣት አሻራዬን አየሁ፤ ኮፒ ሳይሆን ዋናው መሆኑን ቀለሙን አይተው እትዬ አረጋገጡ። ከዚያ ነው ኖቶቹ የተቆጠሩት። ዕዳ የለባትም የሚል ደረሰኝም አስጽፈው አስፈረሙት። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ዕዳውን ከፍሎ ኮምቢያላውን ያልተቀበለ ሰው በዚያው ወረቀት እንደገና ሊጠየቅ ስለሚችል ነው።

ከዚያ ኮሮና መጣ። መጋቢት 12 ቀን 2012 ጠዋት አማን ላይ ሳይረን ጮኸ፤ ከቤት መውጣት ተከለከለ። ሥራዬ ሁሉ ቆመ። በስልክ ተነጋግረን ዕቁቡን ሚያዝያንና ግንቦትን አቆምነው። ማንም ላይ ሳንቲም አልተጨመረም፤ ምስር ያለው ምስር፣ ሩዝ ያለው ሩዝ ተካፈልን። በሰኔ ቀጠልን።

ጳጉሜን 3 ቀን የንግሥት አሊያ አውሮፕላን ማረፊያ ለመደበኛ በረራ ተከፈተ። በመስከረም 2013 የመጨረሻዋን ስድሳ ሰጠሁ። የመጨረሻውን 600 ዲናር የወሰደችው ዋሴ ናት፤ በዚያው ሳምንት ትኬቷን ቆርጣ እናቷ ዘንድ ገባች።