ባዶው ቦታ ከተሞላ በኋላ

በኅዳር ወር፥ የደብረ ብርሃን ውርጭ በሚጠናበት ሰሞን፥ አንድ ማታ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ፥ ዘጠነኛ ክፍል የገባችው ልጃችን የእንግሊዝኛ ደብተሯን ይዛ መጣች። ሃያ ዐረፍተ ነገር ተጽፎበታል፤ ከየዐረፍተ ነገሩ አንድ ቃል ጐድሏል፤ ባዶውን ቦታ ከላይ በሣጥን ውስጥ ከተሰጡት ቃላት እየመረጣችሁ ሙሉ ይላል። ሃያውንም በትክክል ሞልታ ስለ ነበር ደስ ብሎን መረቅናት። ኋላ ግን «እስቲ ሰባተኛው ምን ማለት ነው?» ብንላት ዝም አለች። ብዙዎቹን የሞላችው ሌሎቹ ቃላት አልቀው እነዚያ ስለ ተረፉ መሆኑን ሳትደብቅ ነገረችን።

እኛም በማይገባ ቍጣ ተናገርናት፤ እርስዋም አልቅሳ ተኛች። ባለቤታችን ግን ቀስ ብላ፥ «እርስዎስ ዳዊት ሲደግሙ ትርጕሙን ያውቁት ኖሯል?» አለችን። የምንመልሰው አልነበረንም።

በዚያች ሌሊት በልጅነታችን አንኮበር ላይ ግስ የተማርንበትን ጊዜ አስታወስን። የኔታ አንዱን ግስ ይሰጡናል፤ እኛም «ቀደሰ፥ ይቄድስ፥ ይቀድስ» እያልን እናወርዳለን። ነገር ግን ግሱን ማውረድ መጀመሪያው እንጂ ፍጻሜው አልነበረም። ተማሪው ያንን ግስ ከጕባኤ ቃናው ውስጥ በቦታው ካላገባው፥ የኔታ ዐወቀው አይሉም ነበር። ልጃችንን ማንም እስከዚያ አላደረሳትም፤ እኛም ጭምር።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጓል። ስለዚህ ልጆቻችን በዘጠነኛው ክፍል ሒሳቡም፥ ፊዚክሱም፥ ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ቃሉን ያልተረዳ ልጅ ዕውቀቱንም ያጣል።

ልምምዱስ ከንቱ አይደለም። የእኛ «በ» አንዲት ፊደል ሆና ሁሉን ታገለግላለች፤ በስምንት ሰዓት፥ በእሑድ፥ በመስከረም፥ በመኪና፥ በቢላዋ እንላለን። እንግሊዝኛው ግን ለሰዓቱ «አት»፥ ለእሑድ «ኦን»፥ ለመስከረም «ኢን»፥ ለመኪናው «ባይ»፥ ለቢላዋው «ዊዝ» ይላል። ይህ ልዩነት ያለ ብዙ ድግግሞሽ አይያዝም። ደግሞም በ1953 እ.ኤ.አ. ዊልሰን ቴይለር የተባለ አሜሪካዊ፥ ከጽሑፍ ውስጥ ቃላትን በየተወሰነ ርቀት እያጐደለ አንባቢዎች እንዲሞሉ የሚያደርግበትን ዘዴ ሲያወጣ፥ በመጀመሪያ ሊመዝን ያሰበው ተማሪውን ሳይሆን ጽሑፉ ለአንባቢ የሚቀል ወይም የሚከብድ መሆኑን ነበር። እንግዲህ ልጅ ባዶውን ቦታ መሙላት ሲያቅተው ሰነፍ ከማለታችን በፊት፥ መጽሐፉ ከዐቅሙ በላይ እንዳይሆን መመርመር ይገባናል።

በማግሥቱ ልጃችንን ይቅርታ ጠየቅናትና አንድ ሥርዓት አወጣን። ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ ዐረፍተ ነገሩን ሙሉውን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ ቀጥላ በአማርኛ ትፈታልናለች፤ በመጨረሻም ደብተሩን ዘግታ በዚያው ቃል ከቤታችን ኑሮ የተወሰደ የራስዋን ዐረፍተ ነገር ትናገራለች። ሃያውን ሁሉ ማድረግ ስለሚያደክም አምስቱን ብቻ እንይዛለን። እኛ እንግሊዝኛ አንችልም፤ ነገር ግን አማርኛው ሲቃናና ሲወላገድ ለይተን እናውቃለን። ከወላጅ የሚፈለገውም ከዚህ አይበልጥም።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ አንድ ማታ ደብተሯን ዘግታ፥ «ማይ ፋዘር ዳዝ ኖት ስፒክ ኢንግሊሽ፤ በት ሂ ሊስን» አለችን። አባቴ እንግሊዝኛ አይናገርም፤ ነገር ግን ያዳምጣል ማለትዋ ነው። ወዲያው ግን ቆም ብላ፥ «ሊስንስ» ብላ ራስዋ አረመችው፤ «ሂ» ካለ ግሱ መጨረሻው ላይ «ስ» ይጨምራልና። ይህንኑ «ስ» በደብተሯ ላይ ብዙ ጊዜ በትክክል ሞልታዋለች፤ የራስዋ ያደረገችው ግን ያን ማታ ስታ ስታርመው ነው። እኛም ከሃያው ትክክል ይልቅ በዚያች በአንዲቱ ስሕተት ደስ አለን።

ወላጆች ሆይ፥ የልጆቻችሁን ማርክ ብቻ አይታችሁ አትመርቁ፤ አትቈጡም። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ «ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በትዕግሥት ጠብቁ። እግዚአብሔር ለልጆቻችን ማስተዋሉን፥ ለእኛም ትዕግሥቱን ያድለን።