ቡችላው ይቆይ

ለውድ ልጄ፤

የኮንዶሚኒየሙን ቁልፍ መረከባችሁን ስንሰማ እናትሽ እልልታዋን ለሰፈሩ አሰማች። ቤቱን የፍቅርና የጤና ያድርግላችሁ።

ስለ ባንክ ዕዳውና ስለ ዕቃው ሌሎች ይመክሩሻል። እኔ የምጽፍልሽ ስለማውቀው ነገር ነው። ልጅሽ ሚጣ ባለፈው በስልክ «አባባ፣ አዲሱ ቤት ስንገባ ቡችላ ይገዙልኛል» አለችኝ። ዕድሜዬን በእንስሳት ክሊኒክ የፈጀሁ ሰው ይህን ሰምቼ እንዴት ዝም ልበል?

«ልጅቷን ኃላፊነት ያስተምራታል» የሚሉሽን አትስሚ። የአራት ዓመት ልጅ ውሃ መቅዳት ትረሳለች፤ ዕድሜዋ ነው። ሚጣ ሳህን ታቀብላለች፣ ትጫወታለች፣ ትወዳለች። የሚመግበው፣ የሚጠርገው፣ ሲታመም ይዞ የሚሮጠው ግን አንቺና ባለቤትሽ ናችሁ። ስለዚህ ልጅቷ ምን አማራት ከማለትሽ በፊት፣ ጠዋት ሁላችሁም በሩን ቆልፋችሁ ስትወጡ እዚያ ቤት ውስጥ ምን ሊኖር ይችላል ብለሽ ጠይቂ።

ቡችላ አይችልም። አራተኛ ፎቅ ላይ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ተዘግቶበት ሲያለቅስ ይውላል፤ ጎረቤትም በመጀመሪያው ሳምንት ያኮርፋችኋል። ጥርስ ሲያወጣ ያገኘውን ይነክሳል፤ ልጅ ስትሮጥ ጨዋታ መስሎት ያባርራታል። ሚጣ ትምህርት ቤት ገብታ «ተው» ማለትና መታገሥ ስትለምድ፣ ያኔ እንነጋገርበታለን።

ውሻ ባታስገቡም ሰፈሩ ውሻ አያጣምና አንድ ነገር ያዢልኝ። በዓለም ላይ አብዷል ተብሎ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች ከ100ው 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ደግሞ እንዳይቆጧት ፈርታ ንክሻውን ትደብቃለች፤ ስለዚህ «ውሻ ቢነክስሽ ማንም አይቆጣሽም» ብለሽ ደጋግመሽ ንገሪያት። ከተነከሰች፣ ጭረት እንኳ ቢሆን፣ ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥበሽ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ወደ ቅጠል አዋቂ ሄደሽ ቀን አታባክኚ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ጸበሉን ከክትባቱ በኋላ ብትወስጃት እኔም ደስ ይለኛል።

ጥንቸል ለስላሳ ስለሆነች ለልጅ የተፈጠረች ትመስላለች። ሲያነሷት ግን አውሬ የያዛት ያህል ትደነግጣለች፤ ስትፈራገጥም ወገቧ ሊሰበር ይችላል። ዔሊ መንገድ ላይ ይዞ የሚሸጥ ብታዪ እለፊው፤ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ክልክል ነው። አሜሪካ ትንንሽ ዔሊዎች እንዳይሸጡ በ1975 እ.ኤ.አ. የከለከለችው በሳልሞኔላ የሚታመሙ ሕፃናት ስለበዙ ነው። ያው ተሕዋስ ጤነኛ በሚመስል ጫጩት ላይም ይገኛል። በካርቶን የሚያዞሯቸው ጫጩቶች ደግሞ ሙቀት ስለሚያጡ ብዙዎቹ ሳምንት አይቆዩም።

የበዓሉ በግ የተለየ ጉዳይ ነው። አባወራ ገበያው ሳይወደድ ብሎ ከሳምንት በፊት ገዝቶ ያስራል፤ ልጅ ሣር ታበላለች፣ ስም ታወጣለች፣ በዋዜማው ሁሉም ይጨነቃል። «ወደ ገጠር ሄደ» የሚባለው ውሸት አይገባኝም፤ ልጅ ወጡን እያየች ምን ትበል? ከቻላችሁ በዋዜማው ግዙ። ካልሆነም በጉ ገና ከበር ሲገባ ለበዓል የመጣ መሆኑን ንገሯት። በጋራ መጠቀሚያው ቤት ሲታረድ በሳንባውና በጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ካያችሁ ለግቢው ውሾች እንዳትወረውሩ። ውሻው ያንን ሲበላ ትል ያድርበታል፤ የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድሩ ወጥቶ በልጅ እጅ ወደ አፍ ይገባል። እባጩም በተራው በሰው ጉበት ውስጥ ያድጋል። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ድመት ናት፤ ያውም ያደገች ድመት። የድመት ግልገል ስትታይ ልብ ትሰርቃለች፤ ነገር ግን የሕፃን እጅ ጥብቅ ሲያደርጋት ጥፍሯን ከማውጣት ሌላ መላ አታውቅም። ድመት ሰውን የምትለምደው ከተወለደች ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ሕፃናት ባሉበት ቤት ያደገችና ዓመት ያለፋት ብትሆን፣ ጠባይዋን አውቀሽ ትወስጃታለሽ። ሚጣ ስትበላና ስትተኛ እንዳትነካት፣ ጭራዋን እንዳትጎትት፣ ድመቷ ራሷ እስክትመጣ ቁጭ ብላ እንድትጠብቃት አስተምሪያት።

ድመት አትጾምም። ይህን የምልሽ የእኛን ቤት ጠባይ ስለማውቅ ነው። ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ከሥጋ ካልመጣላት ዓይኗ ይታወራል፣ ልቧም ይደክማል፤ እንጀራ በሽሮ ዐቢይ ጾምን ሙሉ አይዘልቅላትም። ከጾሙ መያዣ በፊት የከብት ልብ ገዝታችሁ ቀቅላችሁ በየቁራጩ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፤ ሲያልቅ የሙስሊም ሥጋ ቤት ክፍት ነው። ወተት የድመት ምግብ ነው ሲባል አድገናል፤ ያደገች ድመት ግን ብዙውን ጊዜ ሆዷን ያስቀምጣታል፤ ውሃ ይበቃታል። ፓራሲታሞል በፍጹም እንዳትሰጧት፤ ይገድላታል።

እናትሽ ሹክ ያለችኝ እውነት ከሆነ ደግሞ (እኔ አልሰማሁም) ድመቷ የምትጸዳዳበትን አሸዋ ባለቤትሽ ይጥረግ። በዓይነ ምድሯ የሚወጣ ጥገኛ ተሕዋስ ለፅንስ አደገኛ ነው፤ ሰው ላይ ለመተላለፍ ግን ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈጅበት በየቀኑ ከተጠረገ ስጋቱ ይቀንሳል። ድመቷን ብቻ አትፍሪ፤ ያው ጥገኛ ተሕዋስ በጥሬ ሥጋም ይመጣል። ክትፎውን እስክትወልጂ ተዪው፤ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ድመትም በየዓመቱ ትከተባለች። እንድትመክንም አድርጉ፤ አለበለዚያ ገና በስድስት ወሯ ልታረግዝ የምትችል ፍጥረት ናት፤ ግልገሎቹን ለማን ታድላላችሁ? በደህና ከተያዘች ከ12 እስከ 15 ዓመት ትኖራለች። ሚጣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባም ቤት ውስጥ ልትኖር ትችላለችና ባለቤትሽ «እሺ» ከማለቱ በፊት ይህን ይወቅ።

እዚህ ጎረቤት፣ ሦስት ልጆች ባሉበት ቤት ያደገች ግራጫ ድመት አለች፤ ሰዎቹ ወደ ውጭ ሊሄዱ ስለሆነ ሰው ይፈልጋሉ። ከተስማማችሁ ለዳግማይ ትንሣኤ ስንመጣ አስከትቤ በቅርጫት ይዣት እመጣለሁ። እስከዚያ በረንዳውን በወንፊት ሽቦ አሳጥሩ፤ ወፍ ስታይ ከአራተኛ ፎቅ የምትዘል ድመት ብዙ ናት። የደረጃው ጎረቤቶች የአይጥ መርዝ የሚጥሉ መሆናቸውንም አጣሪ። ለሚጣ ሽቦው ሳይሠራ እንዳትነግሯት፤ በየቀኑ ደውላ መቼ ትመጣላችሁ ትለኛለች።

አባትሽ