«መልእክቱ ምንድን ነው?» ከማለታችን በፊት

ዛሬ የምናካፍላችሁ የድል ምስክርነት አይደለም። ስለ ተሳሳትንበትና ጌታ በምሕረቱ ስላረመን ነገር ነው።

እኛ አምቦ ውስጥ አንድ የወጣቶች ኅብረት የምናስተባብር ሦስት ሰዎች ነን። ከኅብረታችን ልጆች አንዱ አዲስ አበባ የፊልም ትምህርት ይማራል፤ ለእረፍት ሲመጣ ከእኛ ጋር ያመልካል። አንድ ቅዳሜ ከፕሮግራም በኋላ «ለትምህርቴ የሠራሁትን አጭር ፊልም ላሳያችሁ» አለን። ደስ ብሎን ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ሰቀልን፤ የመዝሙር ግጥም የምናሳይበትን ፕሮጀክተር አበራን። ሠላሳ ያህል ሰዎች ተቀመጥን።

ፊልሙ ሰባት ደቂቃ ነው። ታሪክ የለውም፤ የሚናገር ሰውም የለም። መጀመሪያ ጉም ይታያል፣ ለረጅም ጊዜ ጉም ብቻ። ከዚያ የሐሮ ወንጪ ውሃ። ቀጥሎ እንሰት የሚፍቁ የሴት እጆች፤ ፊቷ ግን አይታይም። ከዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ባዶ ወንበር። እንደገና ውሃ፤ እንደገና ያው ወንበር። ድምፁ ከምስሉ ጋር አይገጥምም፤ እጆቹ ሲታዩ የሚሰማው የጀልባ መቅዘፊያ ነው፤ ወንበሩ ሲታይ ደግሞ የፈረስ ኮቴ። መጨረሻ ላይ ምስሉ ለአንድ ደቂቃ ያህል ጨለመ፤ የውሃ ድምፅ ብቻ ቀረ። አለቀ።

መብራቱ ሲበራ ጥቂት ዝም አልን። ከዚያ ከእኛ አንዱ «መልእክቱ ምንድን ነው?» አለ። ሌላው «መጨረሻው ላይ ጥቅስ ብታስገባበት ኖሮ ወንጌል ይሰበክበት ነበር» አለ። ሦስተኛዋ ልታጽናናው ብላ «ካሜራው ጥሩ ነው፤ ወንጪንም ያስተዋውቃል» አለች። ከኋላ የተቀመጡ ልጆች ሳቁ። እርሱም ፈገግ ብሎ «እሺ፣ አስብበታለሁ» አለና ላፕቶፑን ዘጋ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። በሌሎቹም ቅዳሜዎች አልመጣም።

መጀመሪያ «ትምህርቱ አኩርቶታል» አልን። ከዚያ «እንጸልይለት» ተባባልን። እውነቱን እንናገር፤ ስለ እርሱ ጸለይን እንጂ ወደ እርሱ አልሄድንም። አንድ ማለዳ በምሳሌ 18፥13 ላይ ስናሰላስል ግን ቃሉ ያዘን። ሳይሰማ መልስ የሚሰጥ ሰው ስንፍናና እፍረት እንደሚሆንበት ይናገራል። እኛ ሰባት ደቂቃ አይተን በሰባት ሰኮንድ ፈረድን። ስለዚህ ተነሣን።

የቤተሰቡ ቤት ወንጪ ነው። ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ሽቅብ ወጣን። ወንጪን በፎቶ የማያውቅ የለም። የጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ዙሪያው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል መርጦታል። እኛ በደረስንበት ጠዋት ግን ሐይቁ አልነበረም። ከአፋፉ ቆመን ወደ ታች ስናይ ነጭ ጉም ብቻ ነበር። ያን ጊዜ የፊልሙ መጀመሪያ ትዝ አለንና እርስ በርሳችን ተያየን። ልጁ ያሳየን ቱሪስት የሚወስደውን ፎቶ ሳይሆን እዚያ የተወለደ ሰው ጠዋት ጠዋት የሚያየውን ነበር።

እናቱ በቆጮና በቡና ተቀበሉን። እርሱ ገና ከውጭ አልተመለሰም ነበር። ግድግዳው አጠገብ ያንን ወንበር አየነው። «አዴ፣ ይህ ወንበር የማነው?» አልናቸው። «የአባቱ ነው» አሉን። አባቱ ባለፈው ዓመት አርፈዋል። በሕይወታቸው ዘመን እንግዳ በፈረስ ወደ ሐይቁ እያወረዱ ቤታቸውን ያስተዳድሩ ነበር። በለቅሶው ጊዜ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ልጁ አንዲት ቃል አልወጣውም፤ «ምን ዓይነት ልጅ ነው?» ያሉም ነበሩ።

ወንበሩና የፈረስ ኮቴው። አንገታችንን ደፋን።

«ፊልሙን አይተውታል?» ስንል ጠየቅናቸው። በስልክ አሳይቷቸዋል። ሲኒማ ቤት ገብተው የማያውቁ እናት ናቸው፤ ማንም ምንም አላብራራላቸውም። አይተው ሲጨርሱ «እንደገና አምጣው» አሉት። ለእኛም «ቤቱ ልክ እንደዚያ ነው ዝም ያለው» አሉን። እኛ ትርጉም ስንጠይቅ እርሳቸው ቤታቸውን አዩበት።

ልጁ ሲመጣ ይቅርታ ጠየቅነው። ብዙ አላወራም። «ለቅሶው ላይ መናገር አቃተኝ። እናንተ ጋ ግን በዚህ ተናገርኩ መስሎኝ ነበር» አለን።

ወገኖች፣ በመንገዳችን ስንመለስ ማርቆስ 8 ላይ ያለው ዓይነ ስውር ትዝ አለን። ጌታ መጀመሪያ ሲዳስሰው ሰዎችን እንደሚመላለሱ ዛፎች አያቸው። ጌታ አልገሠጸውም፤ እስኪጠራለት ድረስ ዳግመኛ ዳሰሰው። ከዚያ በፊት ግን የሚያየው ነገር እንዳለ ጠይቆት ነበር። ያን ቅዳሜ ያልጠየቅነው ይህንኑ ነው። እኛ «ምን አየን?» ሳንል «ምን ማለት ነው?» ወደሚለው ዘለልን።

ደግሞም እንዲህ ዓይነቱ አሠራር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ በአሜሪካ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ተማሪ ሳለ በ1972 (እ.ኤ.አ.) «የተቃውሞ ልጅ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን አጭር ፊልም ሠርቷል። አንጄላ ዴቪስን በቴሌቪዥን በካቴና ታስራ ካየ በኋላ ካለመው ሕልም የተነሣ ነው፤ ፊልሙም እንደ ሕልም ይሄዳል እንጂ ተራ በተራ አይተርክም። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታም በጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ረቂቅ ሥዕል ይዞ መጣ። በ1963 (እ.ኤ.አ.) ከሠራቸው አንዱ «ጎልጎታ» ይባላል።

መጽሐፍ ቅዱሳችንስ? ሕዝቅኤል ጡብ ላይ ኢየሩሳሌምን ሥሎ ከበባት፤ 390 ቀን በአንድ ጎኑ ተኛ። ሚስቱ ስትሞትም እንዳያለቅስ ታዘዘ፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ ይህ ለእነርሱ ምን እንደሆነ እንዲነግራቸው ጠየቁት (ሕዝቅኤል 24፥19)። ልብ በሉ፤ እነርሱም ትርጉም ጠይቀዋል። መጠየቁ ኃጢአት አይደለም። እኛን የጣለን መጠየቃችን ሳይሆን መልሱን ሳንጠብቅ ማረማችን ነው።

ይህን ስንል ያልገባን ነገር ሁሉ ጥልቅ ነው እያልን አይደለም። ዝም ብሎ የተድበሰበሰ ሥራም አለ፤ ሁሉን መመርመር ታዝዘናል። ነገር ግን ምርመራ የሚጀምረው በደንብ ከማየት ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን አብረውት ዝም ባሉ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በእርሱ ፈቃድ፣ ፊልሙን እንደገና አየነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ጊዜ ደጋግመን ነው። «ያያችሁትንና የሰማችሁትን ብቻ ተናገሩ» አልን። አንዲት እናት ጉሙን ሲያዩ ባላቸውን የቀበሩበት ጠዋት እንደ ታወሳቸው ተናገሩ። አንድ ወጣት «እኔ አሁንም አልገባኝም» አለ፤ ያን ጊዜ ልጁ ከልቡ ሳቀ። እኛም ሐቁን ነገርነው፤ «ጨለማው ረዘመብን» አልነው። «ምን ለማለት ነው?» ስንለው «እኔም ገና አላወቅሁትም። ውሃው ሲሰማ ማቋረጥ አልቻልኩም» አለ።

ሮሜ 8፥26 እንዴት መጸለይ እንደሚገባን እንደማናውቅ፣ መንፈስ ቅዱስም በማይነገር መቃተት እንደሚማልድልን ያስተምራል። ቃል የሌለው ጸሎት እግዚአብሔር ፊት ይሰማል ማለት ነው። እርሱ የሚሰማውን እኛ «ጥቅስ የለውም» ብለን እንዴት እንመልሳለን?

ወዳጄ ሆይ፣ በቤትህ ወይም በኅብረትህ ውስጥ ባልለመድከው ቋንቋ ሊያናግርህ የሚሞክር ማን አለ? በሥዕል፣ በዝምታ፣ ምናልባትም በቁጣ? ዛሬ ከማረምህ በፊት አጠገቡ ተቀመጥ።

ጌታ ሆይ፣ ሳንሰማ ስለ መለስንላቸው ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ይቅር በለን። ዓይናችንን ዳግመኛ ዳስስልን። አሜን።