አላርሙ ጠፋ ወይስ ጮኸ?

ሰውየው ለአሜሪካ አዲስ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ የሌሊት ተረኛ ሆኖ ተቀጥሯል። አንድ ሌሊት አለቃው ደውሎ «ዘ አላርም ዌንት ኦፍ» አለው። «ኦፍ» ማለት ጠፋ መሆኑን ሰውየው ከትምህርት ቤትም፣ ከመብራት ማጥፊያም ያውቃል። አላርሙ ከጠፋማ እሰየው ብሎ ሻዩን ቀዳ።

ሁለተኛው ስልክ በጩኸት መጣ። ለካ አላርሙ እየጮኸ ኖሯል!

መብራት «ጎ ኦፍ» ካደረገ ጠፋ፣ አላርም ካደረገ ጮኸ፣ ጠመንጃ ካደረገ ተተኮሰ፤ እንግሊዝ አገር ደግሞ ወተት «ጎ ኦፍ» ካደረገ ተበላሸ ማለት ነው። ሰውየው ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እነዚህን ፍሬዛል ቨርብ የሚባሉ ግሦች ከሥራቸው ይከታተል ያዘ። ቂም ነው ቢባልም ያስኬዳል።

መጀመሪያ ያገኘው መጽናኛ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ ከግሥ ኋላ ትንሽ ቃል እየለጠፉ ትርጉሙን መለወጥ የውጭ አገር ሰውን ከሁሉ የበለጠ የሚያስቸግር ነገር መሆኑን ጽፏል። ግሦቹ ዛሬ የሚጠሩበትን ስም በመጽሐፍ ያስተዋወቀው ግን ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ ነው፤ በ1925። ስሙን ያቀበለውም የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሄንሪ ብራድሊ ነበር። ይህ ራስ ምታት 170 ዓመት ያለ ክርስትና ስም ኖሯል ማለት ነው።

ግሦቹ ራሳቸው ከዚያም ይርቃሉ። በጥንቱ እንግሊዝኛ ትንሿ ቃል ብዙ ጊዜ ከግሡ ፊት ትቀድም ነበር፤ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ሄደች። በፒተርቦሮ ገዳም ዜና መዋዕል የ1132 ታሪክ ላይ፣ ንጉሥ ቀዳማዊ ሄንሪ አበምኔቱን ገዳሙን «ጊቭ አፕ» እንዳስደረገው ተጽፏል። የእኛ አስተማሪዎች ይህን ግሥ «ተስፋ ቆረጠ» ብለው ያስጽፉን ነበር። አበምኔቱ ግን ተስፋ የቆረጠ አይመስልም፤ ተገዶ አስረከበ እንጂ።

ሌሎቹም እንዲሁ ከአንድ የእጅ ሥራ ይጀምራሉ። «ሃንግ አፕ» የግድግዳ ስልክ መነጋገሪያው መንጠቆ ላይ ይሰቀል ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው። ዛሬ መንጠቆው የለም፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው አሁንም ይሰቅላል፣ እኛ ጆሮው ላይ እንዘጋበታለን። «ሎግ ኢን» ደግሞ ከባሕር ነው የመጣው። መርከበኞች ፍጥነታቸውን ለመለካት «ሎግ» (ግንድ) የሚሉትን በገመድ የታሰረ እንጨት ውኃ ላይ ይጥሉ ነበር። ከእንጨቱ ስሙ ፍጥነቱ ወደሚጻፍበት መዝገብ፣ ከመዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ተሻገረ። የይለፍ ቃሉን ረስቶ የሚበሳጭ ሁሉ ግንዱን የጣለው ማን እንደሆነ አያውቅም።

ሰውየው በግኝቱ ደስ ብሎት ይህን ሁሉ ለአለቃው ተረከለት። አለቃው በትዕግሥት ሰማውና እሱም በተራው ጠየቀ። ከሐበሾቹ ሠራተኞች ጥቂት አማርኛ ለቃቅሟል። «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ» እንደሚባል ያውቃል፤ «አለ» ማለት ተናገረ መሆኑንም ነግረውታል።

«እሺ፣» አለ፣ «ሰው ዝም ካለ፣ ምኑን ነው ያለው?»

ሰውየው ዝም አለ።