የለመድነውን ሙዚቃ ደግመን ስናዳምጥ

የምታውቁትን ሙዚቃ ደጋግማችሁ ስትሰሙ «አይሰለችሽም ወይ?» ብሎ የጠየቃችሁ አለ? እኔን የጠየቀችኝ ልጄ ናት። አንድ ምሽት ከሥራ ገብቼ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ እንደ ልማዴ የቤትሆቨንን 5ኛ ሲምፎኒ ከፍቼ ነበር። «ልቤ ያርፍበታል» አልኳት። «እማዬ፣ አንቺ እኮ አትሰሚውም፤ እኔም ሳወራሽ እንደዚሁ ነሽ» አለችኝ። ቃሏ ወጋኝ። ቢላዋውን አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

እ.ኤ.አ. በ1808 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው ይህ ሥራ በሦስት አጫጭርና በአንድ ረጅም ድምፅ እንደሚጀምር ማን ይዘነጋዋል? ነገር ግን በመጀመሪያው ክፍል ያ መነሻ ተመልሶ ሲመጣ፣ ሌሎቹ መሣሪያዎች ጸጥ ይሉና አንድ ኦቦ ብቻውን ያዜማል። ያን ያህል ዓመት ሳልሰማው ኖሬአለሁ!

ቀጥሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ የተጫወተው ዱክ ኤሊንግተን በ1941 ከኦርኬስትራው ጋር በሸክላ ያስቀረጸውን «ቴክ ዘ ኤ ትሬን» ከፈትን። ሳክስፎኖቹ ዜማውን ሲይዙ ጥሩምባዎቹና ትሮምቦኖቹ እንደ ዘፈን ተቀባይ ይመልሱላቸዋል። ይህን ያስተዋለችው ልጄ ናት።

እንግዲህ እናቶች፤ የሚያሰለቸን መደጋገሙ ሳይሆን በግማሽ ጆሮ መስማታችን ነው። ሥራ የበዛባት እናት ሁልጊዜ ቁጭ ብላ ታዳምጥ አልልም። ግን በሳምንት አንድ ቀን፣ ለሩብ ሰዓት ያህል፣ እጃችንን አሳርፈን ከልጆቻችን ጋር እናዳምጥ። ሙዚቃው ሲያበቃ ደግሞ እነሱን እናዳምጥ።